ከተማሪነትና ከሥራ ፈቃድ ወደ ቋሚ ነዋሪነት በካናዳ፦ ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ እየቆጠሩ

ካናዳ ተምረው የጨረሱ ወይም በሥራ ፈቃድ የሚሠሩ ሰዎች ፒአር (ቋሚ ነዋሪነት) ሳያገኙ ሲቀሩ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የብቃት ማነስ አይደለም። የሠሩት ሥራ የማይቆጠር ዓይነት ይሆናል፤ የቋንቋ ፈተናው ውጤት ጊዜው ያልፍበታል፤ አሠሪው የጻፈላቸው ደብዳቤ ሁለት መስመር ብቻ ይሆናል፤ ወይም ልምዱ ሳይሞላ የሥራ ፈቃዱ ያልቃል። እነዚህ ሁሉ ማመልከቻው ከመሞላቱ ከአንድና ከሁለት ዓመት በፊት የሚወሰኑ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ እዚህ ላይ ብዙ ቦታ የሰጠሁት ከማመልከቻው በፊት ላለው ጊዜ ነው።

ከታች ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ገንዘቡም በካናዳ ዶላር ነው። ደንቦቹ ከ2024 ወዲህ ደጋግመው ተለውጠዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን እርምጃ ከመውሰድዎ በፊት የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ (አይአርሲሲ) ድረ ገጽ ላይ ያመሳክሩ። ቦታውም ጠቧል፦ መንግሥት ለ2024 ያቀደው የቋሚ ነዋሪ ቁጥር 485,000 ነበር፤ የ2025ቱ ወደ 395,000፣ የ2026ቱ ደግሞ ወደ 380,000 ወርዷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያለፈ ወዳጅዎ «ለኔ እንዲህ ሆኖልኝ ነበር» ቢልዎት እውነቱን ነው፤ እርስዎ ግን በእሱ ጊዜ ደንብ አይመዘኑም።

ደረጃ 1፦ የሥራ ፈቃድዎ የሚያልቅበትን ቀን ይወቁና ከዚያ ወደ ኋላ ይቁጠሩ

ትምህርት ለጨረሱ የውጭ ተማሪዎች የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ (በተለምዶ ፒጂደብሊውፒ የሚባለው) በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል፤ አይታደስም። ርዝመቱን የሚወስነው የተማሩት ፕሮግራም ነው። ከ8 ወር ያነሰ ፕሮግራም ምንም አያሰጥም። ከ8 ወር በላይ ሆኖ 2 ዓመት ያልሞላው የራሱን ርዝመት ያህል ያሰጣል። 2 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው 3 ዓመት ያሰጣል። ማስተርስ ግን ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 2024 ጀምሮ 2 ዓመት ባይሞላም፣ ቢያንስ 8 ወር ከሆነ፣ 3 ዓመት ያሰጣል።

ገና ትምህርት ቤት እየመረጡ ያሉ ካሉ ይህን በደንብ ያስቡበት። የአንድ ዓመት ሰርተፊኬት ይዞ የሚወጣ ሰው የሚያገኘው የአንድ ዓመት ፈቃድ ነው፤ ለፒአር የሚጠየቀው ልምድም አንድ ሙሉ ዓመት ነው። ሥራ ለመፈለግ አንድ ወር እንኳ ቢፈጅበት ሂሳቡ አይሞላለትም። ሁለት የአንድ ዓመት ፕሮግራሞችን በተከታታይ መማር ግን ይቻላል፤ ሁለቱም ለፈቃዱ ብቁ ከሆኑና እያንዳንዳቸው 8 ወር ከሞሉ ርዝመታቸው ይደመራል። የመንግሥት ኮሌጅ ሥርዓተ ትምህርቱን አከራይቶ በግል ኮሌጅ ግቢ የሚሰጠው ፕሮግራም ደግሞ ለአዲስ ገቢዎች ይህን ፈቃድ ማሰጠቱን አቁሟል። ደላላው «ሰርተፊኬቱ ላይ የመንግሥት ኮሌጁ ስም ነው የሚጻፈው» ቢልዎት በዚህ እንዳይታለሉ።

ከኖቬምበር 1 ቀን 2024 ወዲህ ሁለት ተጨማሪ መስፈርቶች አሉ። አንደኛው የቋንቋ ፈተና ነው፦ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ላላቸው በካናዳ የቋንቋ መለኪያ (ሲኤልቢ) ደረጃ 7፣ ለኮሌጅ ተመራቂዎች ደረጃ 5። ሁለተኛው የትምህርት መስክ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ለስተዲ ፐርሚት (የተማሪነት ፈቃድ) ያመለከቱና ዲግሪ የማያሰጥ ፕሮግራም የተማሩ ሰዎች መስካቸው በተፈቀደው ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት። ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት የፕሮግራሙን ኮድ ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክሩ።

ማመልከቻውን ለማስገባት ትምህርት ቤቱ መጨረስዎን በጽሑፍ ካረጋገጠበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን አለዎት። ብዙ ሰው ይህንን ቁጥር ያውቅና ሌላውን ይዘነጋል፦ ስተዲ ፐርሚቱ ላይ የታተመው ቀን ሩቅ ቢሆንም፣ ትምህርት ካለቀ ከ90 ቀን በኋላ ፈቃዱ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ማረጋገጫው በእጅዎ በገባ ሳምንት ያመልክቱ። ስተዲ ፐርሚትዎ ሳያልቅ ካመለከቱና በትምህርት ጊዜዎ ደንቡን ጠብቀው ከቆዩ፣ መልሱን እየጠበቁ ሙሉ ሰዓት መሥራት ይችላሉ።

ፓስፖርትዎንም ይዩት። የሥራ ፈቃዱ ከፓስፖርቱ ማብቂያ ቀን አያልፍም። የ3 ዓመት ፈቃድ የሚገባዎ ሆነው ፓስፖርትዎ 14 ወር ብቻ ከቀረው፣ የሚሰጥዎ 14 ወር ነው። ቀሪውን በአዲስ ፓስፖርት ማስረዘም ይቻላል፤ ግን ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ክፍያና ሌላ ጥበቃ ነው። ከመመረቅዎ በፊት ያድሱት።

አሁን ወደ ኋላ መቁጠሩ። ፈቃድዎ በኦክቶበር 2028 ያልቃል እንበል። ለፒአር የሚያመለክቱት በነጥብ ተወዳድረው ሲጋበዙ ነው (ደረጃ 4 ላይ አብራራዋለሁ)፤ ግብዣ ከመጣ በኋላ ማመልከቻውን ለማጠናቀቅ 60 ቀን ይሰጣል፤ ነጥብዎ ካልደረሰ ደግሞ ለሌላ የግብዣ ዙር፣ ለአውራጃ እጩነት (አንድ አውራጃ ሲመርጥዎ) ወይም ለቋንቋ ፈተና ድጋሚ ጊዜ ያስፈልጋል። እኔ ለዚህ ቢያንስ አንድ ዓመት ይተው እላለሁ። ያ ማለት የአንድ ዓመት ልምድዎ ቢዘገይ በኦክቶበር 2027 መሙላት አለበት፤ ስለዚህ የሚቆጠረውን ሥራ ከኦክቶበር 2026 በፊት መጀመር አለብዎት። ይህን ቀን ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉት።

ደረጃ 2፦ የሚቆጠር ሥራ ይያዙ

ከአጠቃላይ ሂደቱ ብዙ ሰው የሚወድቅበት እዚህ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ።

ካናዳ ውስጥ ልምድ ላላቸው የተከፈተው ዋና መንገድ «ካናዲያን ኤክስፒርየንስ ክላስ» ይባላል። የሚጠይቀው ባለፉት 3 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ የአንድ ዓመት፣ ማለትም 1,560 ሰዓት፣ ደመወዝ የተከፈለበትና በሕጋዊ ፈቃድ የተሠራ የሙያ ሥራ ነው። በሳምንት 30 ሰዓት ተብሎ ይሰላል። በሳምንት 50 ሰዓት ቢሠሩ ዓመቱ አያጥርልዎትም፤ ከ30 በላይ ያለው አይቆጠርም። በሳምንት 15 ሰዓት እየሠሩ በ24 ወር መሙላት ግን ይቻላል። ከአንድ በላይ አሠሪም ይፈቀዳል።

የማይቆጠሩት ሁለት ናቸው፦ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆነው የሠሩት ሥራና በግል ሥራ (ሰልፍ ኢምፕሎይድ ሆነው) ያገኙት ልምድ። በመተግበሪያ ሰው ማጓጓዝና ምግብ ማድረስ በሁለተኛው ውስጥ ይወድቃሉ። የከባድ መኪና ሾፌሮች በተለይ ይጠንቀቁ። የረጅም ርቀት ሾፌርነት ራሱ የሚቆጠር ሙያ ነው፤ ነገር ግን ብዙ የጭነት ድርጅቶች ሾፌሩን «የራስህን ካምፓኒ ክፈትና በእሱ እንክፈልህ» ይሉታል። በወር ትንሽ ብር የሚጨምር ይመስላል። ዓመቱ ሲያልቅ ግን የደመወዝተኛ ቅጽ የሆነው ቲ4 አይሰጠውም፤ በኢሚግሬሽን ዓይን የግል ሥራ የሚሠራ ሰው ይሆናል፤ የነዳው ዓመት በሙሉ ለዚህ መንገድ ከንቱ ይቀራል። ፒአር እስኪያገኙ ድረስ በቲ4 ብቻ ይቀጠሩ።

ቀጥሎ የሙያው ደረጃ ነው። ካናዳ እያንዳንዱን ሥራ በ5 አሃዝ ኮድ ትለያለች፤ የኮዱ ስም ኖክ፣ ደረጃው ደግሞ ቲር ይባላል። ከ0 እስከ 3 ያሉት ይቆጠራሉ፤ 4ና 5 አይቆጠሩም። ኮዱን ሲያዩ ሁለተኛው አሃዝ ደረጃውን ይነግርዎታል። 63200 (ምግብ አብሳይ) ሁለተኛ አሃዙ 3 ነው፤ ይቆጠራል። 62020 (የምግብ አገልግሎት ተቆጣጣሪ) 2 ነው፤ ይቆጠራል። 65201 (ካውንተር ላይ የሚያስተናግድ) 5 ነው፤ አይቆጠርም። የጥበቃ ሥራ 64410፣ ታክሲ 75200፤ ሁለቱም አይቆጠሩም። የሕፃናት አስተማሪ 42202 ይቆጠራል፤ 73300 (የከባድ መኪና ሾፌር) ይቆጠራል።

የፒኤስደብሊው (የአረጋውያንና የሕሙማን ተንከባካቢነት) ሰርተፊኬት ያላቸው እህቶችና ወንድሞች ይህንን በተለይ ያስተውሉ። በአረጋውያን ማቆያ ወይም በሆስፒታል በነርስ ስር የሚሠራ ተንከባካቢ 33102 ውስጥ ይገባል፤ ደረጃው 3 ነው። ያው ሰርተፊኬት ያለው ሰው በግለሰብ ቤት እየሄደ ከሠራ 44101 ይሆናል፤ ደረጃው 4 ነው፤ ለዚህ መንገድ አይቆጠርም። ሥልጠናው አንድ፣ ድካሙ አንድ፣ ደመወዙም ተቀራራቢ ነው፤ በፒአር ሂሳብ ግን አንዱ ሙሉ ዓመት ሲሆን ሌላው ዜሮ ነው። ምርጫ ካለዎት ማቆያው ውስጥ ይግቡ።

ኮዱን የሚወስነው ባጅዎ ላይ የተጻፈው ማዕረግ ሳይሆን በየቀኑ የሚሠሩት ሥራ ነው። በኖክ ድረ ገጽ ላይ ከኮዱ ስር «ዋና ዋና ተግባራት» የሚል ዝርዝር አለ። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ያንብቡትና አብዛኛውን በእርግጥ ይሠሩት እንደሆነ ይጠይቁ። «ሱፐርቫይዘር» ተብለው ካሸር ላይ ብቻ የሚቆሙ ከሆነ ካሸር ነዎት። ከአለቃዎ ጋር ለመነጋገር ጊዜው የመጀመሪያው ወር ነው፤ ዓመቱ ካለቀ በኋላ የሚስተካከል ነገር የለም።

ደረጃ 3፦ የቋንቋ ፈተናውን እንደ ሁለተኛ ሥራ ይያዙት

ለእንግሊዝኛ የሚታወቁት ፈተናዎች አይኢኤልቲኤስ ጀነራል፣ ሴልፒፕ ጀነራልና ፒቲኢ ኮር ናቸው። አካዳሚክ አይኢኤልቲኤስ ለዚህ አያገለግልም። ውጤቱ ለ2 ዓመት ብቻ ይሠራል፤ ፕሮፋይል ሲከፍቱም ማመልከቻ ሲያስገቡም ጊዜው ያላለፈ መሆን አለበት። ዝቅተኛው መስፈርት ለቲር 0ና 1 ደረጃ 7፣ ለቲር 2ና 3 ደረጃ 5 ነው። በዝቅተኛው ግብዣ ይመጣል ብለው ግን አይቀመጡ።

ትልቁ ዝላይ ያለው ደረጃ 9 ላይ ነው። በአይኢኤልቲኤስ ማዳመጥ 8.0፣ የቀሩት ሦስቱ 7.0 ማለት ነው። ላላገባ ሰው ደረጃ 8 በአንድ ክህሎት 23 ነጥብ ሲሆን ደረጃ 9 ደግሞ 31 ነው። አንዷ ክህሎት 6.5 ላይ ከቀረች (አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ ነው) ያቺን ለይተው ይሥሩባት። የፈተናው ክፍያ ቢከብድም፣ አንድ ዓመት ተጨማሪ ከመሥራት ይልቅ ፈተናውን መድገም ብዙ ነጥብ ያስገኛል፤ ሂሳቡን ቀጥሎ አሳያለሁ።

ስለ ፈረንሳይኛ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ፤ የእኛ ማኅበረሰብ በጣም የናቀው በር ነውና። ቴፍ ካናዳ ወይም ቲሲኤፍ ካናዳ ተፈትነው በአራቱም ክህሎት ደረጃ 7 ካመጡ፣ ከእንግሊዝኛ ደረጃ 5 ጋር፣ 50 ተጨማሪ ነጥብ ያገኛሉ፤ በሁለተኛ ቋንቋነት ደግሞ በትንሹ 12። ከዚያ በላይ ደግሞ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ብቻ የሚደረጉ ዙሮች አሉ። ማርች 21 ቀን 2025 በተደረገው የፈረንሳይኛ ዙር 379 ነጥብ ያላቸው ተጋብዘዋል፤ በዚያው ዓመት የካናዲያን ኤክስፒርየንስ ዙሮች ከ500 በላይ ይጠይቁ ነበር። ከዜሮ ተነስቶ ደረጃ 7 መድረስ ከአንድ ዓመት በላይ የማያቋርጥ ጥናት ይጠይቃል። የ3 ዓመት ፈቃድ ያለው ሰው ግን ጊዜው አለው። በመጀመሪያው ወር ይጀምሩ።

ደረጃ 4፦ ነጥብዎን ራስዎ ያስሉ

ኤክስፕረስ ኢንትሪ ከጃንዋሪ 2015 ጀምሮ የሚሠራ የውድድር ቋት ነው። ፕሮፋይል መክፈት በነጻ ሲሆን ለ12 ወር ይቆያል። ሁሉም ሰው ከ1,200 ይመዘናል፤ መሥሪያ ቤቱ በየጊዜው ከላይ ጀምሮ ይጋብዛል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ያላገባች፣ 29 ዓመቷ፣ አገር ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ ይዛ 3 ዓመት በሙያዋ የሠራች፣ ካናዳ መጥታ የ2 ዓመት ዲፕሎማ የጨረሰች፣ አንድ ዓመት የሚቆጠር ሥራ የሠራች፣ እንግሊዝኛዋ በሁሉም ደረጃ 8 የሆነ ሴት። ዕድሜዋ 110፣ ትምህርቷ 128፣ ቋንቋዋ 92፣ የካናዳ ልምዷ 40 ያሰጧታል። እነዚህ ነገሮች እርስ በርስ ሲጣመሩ የሚሰጠው ተጨማሪ ነጥብ 100 ይሞላላታል፤ ካናዳ በመማሯ 15 ይታከላል። ድምሩ 485።

ይህች ሴት አገር ቤት ያለውን ዲግሪዋን «አሮጌ ነው፣ ምን ያደርግልኛል» ብላ ባታስገመግመው ትምህርቷ ከ128 ወደ 98፣ የጥምረቱ ነጥብ ከ100 ወደ 76 ይወርዳል። 54 ነጥብ አጣች፤ ድምሯ 431 ሆነ። የትምህርት ግምገማው (ኢሲኤ) እንደ ዌስ ባሉ የታወቁ ተቋማት ይሠራል፤ ለ5 ዓመት ያገለግላል። ዩኒቨርሲቲው ትራንስክሪፕቱን በቀጥታ እንዲልክ ሊጠየቅ ስለሚችልና ያ ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ ገና ተማሪ ሆነው ያስጀምሩት።

እንግሊዝኛዋን ወደ 9 ብታነሳ 32 ይጨመርና 517 ትሆናለች። በዚያ ፋንታ ሌላ አንድ ዓመት ብትሠራስ? የሁለተኛው ዓመት የካናዳ ልምድ 13 ነጥብ ያመጣል፤ 30 ዓመት መሙላቷ ግን 5 ይቀንስባታል፤ የተጣራው 8 ብቻ ነው። ፈረንሳይኛ ደረጃ 7 ብታመጣ ደግሞ 485ቱ 547 ይሆናል። ዕድሜ ከ30 በኋላ በየዓመቱ ከ5 እስከ 6 ነጥብ፣ ከ40 በኋላ በዓመት 11 ነጥብ ይወስዳል፤ 45 ላይ ዜሮ ይሆናል።

የሥራ ቅጥር ደብዳቤ ከማርች 25 ቀን 2025 ጀምሮ በዚህ ቋት ምንም ነጥብ አያሰጥም። ዛሬም «በ20 ሺህ፣ በ30 ሺህ የሥራ ደብዳቤ እናወጣለን» የሚሉ ሰዎች አሉ። መግዛቱ ቀድሞም ወንጀል ነበር፤ አሁን ደግሞ ለነጥብ እንኳ አይጠቅምም። ተታለው የከፈሉ ሰዎች ገንዘባቸውን ብቻ ሳይሆን አምስት ዓመታቸውንም ያጣሉ፤ በሐሰት ማስረጃ የተያዘ ሰው ለ5 ዓመት ከማመልከት ይታገዳልና።

ደረጃ 5፦ ከአንድ በላይ በር ያንኳኩ

ነጥብዎ ለአጠቃላዩ ዙር ከደረሰ ጥሩ። ካልደረሰ ሌሎቹን ጎን ለጎን ይሞክሩ፤ አንዱ እስኪዘጋ ሌላውን አይጠብቁ።

በሙያ የተለዩ ዙሮች ከ2023 ጀምሮ አሉ። በ2025 የተመረጡት ፈረንሳይኛ፣ ጤናና ማኅበራዊ አገልግሎት፣ የእጅ ሙያ፣ ትምህርት፣ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ እንዲሁም ግብርናና ምግብ ማቀነባበር ነበሩ። ከላይ የጠቀስኳቸው 33102ና 42202 በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ዝርዝሩ ስለሚለዋወጥ በየዓመቱ መጀመሪያ ይዩት።

የአውራጃ እጩነት (ፒኤንፒ) 600 ነጥብ ይጨምራል፤ ያ ማለት ግብዣው እርግጥ ሆነ ማለት ነው። ከኪቤክና ከኑናቩት በቀር ሁሉም አውራጃዎችና ግዛቶች አላቸው። ኪቤክ የራሷ መምረጫ አላት፤ በፈረንሳይኛ ላይ የቆመ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፦ ቶሮንቶ ላይ ዘመድ ስላለ ብቻ ቶሮንቶ መቀመጥ ብዙ ሰው ዋጋ ያስከፍለዋል። በሳስካችዋን፣ በማኒቶባ ወይም በአልበርታ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ኦንታሪዮ ላይ ከሚጠብቀው ውድድር የተለየ ሰልፍ ውስጥ ይገባል። ነገር ግን የሚመርጥዎ አውራጃ ውስጥ የመኖር ሐሳብዎ እውነተኛ መሆን አለበት፤ ፒአሩን ተቀብሎ በማግሥቱ መልቀቅ ጥያቄ ያስነሳል። የእጩዎቹ ኮታም እንደ ዓመቱ ይለያያል፤ በ2025 በጣም ተቀንሶ ስለነበር አንዳንዶቹ በሮች በዓመቱ አጋማሽ ተዘግተዋል። በጃንዋሪ ዝግጁ ሆኖ መገኘት ያዋጣል።

የአትላንቲክ ፕሮግራም ለአራቱ የምሥራቅ አውራጃዎች ነው፦ ኖቫ ስኮሺያ፣ ኒው ብራንስዊክ፣ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት፣ ኒውፋውንድላንድና ላብራዶር። በ2017 ለሙከራ ተጀምሮ ከጃንዋሪ 2022 ወዲህ ቋሚ ሆኗል። ነጥብ አይቆጠርም፤ የሚያስፈልገው በአውራጃው የተፈቀደለት አሠሪ ነው። እዚያው ቢያንስ የ2 ዓመት ፕሮግራም የተማረና ከመመረቁ በፊት ባሉት 24 ወራት ውስጥ 16ቱን እዚያ የኖረ ሰው የሥራ ልምድ እንኳ አይጠየቅም። ቲር 4 የሆነ ሥራም ይቀበላል፤ የቤት ለቤት ተንከባካቢዋ በዋናው መንገድ ዜሮ የሆነባት ልምድ እዚህ ይቆጠርላታል። የተፈቀደላቸው አሠሪዎች ዝርዝር በየአውራጃው ድረ ገጽ ላይ ስላለ ሲቪዎን በቀጥታ ለእነሱ ይላኩ።

በጃንዋሪ 2025 የተጀመረው የገጠር ማኅበረሰቦች ፕሮግራም ደግሞ 14 አካባቢዎችን ይዟል፤ ሰድበሪ፣ ሰንደር ቤይ፣ ቲሚንስ፣ ኖርዝ ቤይ፣ ብራንደንና ሙስ ጆ ከነሱ መካከል ናቸው። አሠራሩ ከአትላንቲኩ ጋር ይመሳሰላል፤ የሚመርጥዎት ማኅበረሰቡ ራሱ ነው።

ደረጃ 6፦ ሰነዶቹን ግብዣ ሳይመጣ ያሰናዱ

60 ቀን ብዙ ይመስላል፤ የውጭ አገር የፖሊስ ማስረጃ ሲጠብቁ ግን ያልቃል። 18 ዓመት ከሞላዎት በኋላ፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ፣ 6 ወርና ከዚያ በላይ በተከታታይ ከኖሩበት አገር ሁሉ ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ይጠየቃሉ። ካናዳ ራሷ አትቆጠርም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በሱዳን ወይም በደቡብ አፍሪካ አልፈው የመጡ ሰዎች የዚያን አገር ማስረጃ ቀድመው ያስጀምሩ፤ ከለቀቁ በኋላ የተሰጠ ከሆነ አያረጅም።

የሥራ ደብዳቤው የማመልከቻው ልብ ነው። በድርጅቱ ማህተም ያለው ወረቀት ላይ፣ የጀመሩበትና ያቆሙበት ቀን፣ የሥራ መደቡ፣ የሳምንት ሰዓቱ፣ ደመወዙና ጥቅማ ጥቅሙ፣ እንዲሁም ዋና ዋና ተግባሮችዎ ተዘርዝረው፣ የፈራሚው ስም፣ ኃላፊነትና ስልክ ያለበት መሆን አለበት። የኤችአር ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ ቀንና ደመወዝ ብቻ ጽፈው ይሰጣሉ። ያልተሟላ ከሆነ በትህትና ይመልሱላቸው፤ የተግባሩን ዝርዝር በራስዎ ቃል አርቅቀው ያቅርቡላቸው። ከኖክ ድረ ገጹ ቃል በቃል መቅዳት ግን ጥርጣሬ ያመጣል። ሥራ የሚለቁ ከሆነ ደብዳቤውን ሳይቀበሉ አይውጡ። ከደብዳቤው ጋር ቲ4፣ የደመወዝ ደረሰኞችና የግብር ማሳወቂያ ያያይዙ።

የአገር ቤት ሰነዶች ላይ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ ቀን፦ በእኛ አቆጣጠር 2009 የሚል የሥራ ማስረጃ ሳይቀየር ከገባ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ይፈጥራል፤ መርማሪው ደግሞ ስለ አቆጣጠሩ ላያውቅ ይችላል። ትርጉሙ ላይ ሁለቱም አቆጣጠሮች እንዲጻፉ ያድርጉ፤ ተርጓሚውም የቤተሰብ አባል መሆን የለበትም። ሁለተኛ ስም፦ ዲፕሎማው ላይ ያለው የስምዎ አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር ካልተመሳሰለ፣ ወይም የአያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከሌለ፣ የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ አጭር የማብራሪያ ደብዳቤ ያያይዙ።

የጤና ምርመራው ከኦገስት 21 ቀን 2025 ጀምሮ ከማመልከቻው ጋር አብሮ መግባት አለበት፤ በመሥሪያ ቤቱ በተፈቀደለት ሐኪም ብቻ ነው የሚደረገው። የማመልከቻው ክፍያ ከኤፕሪል 30 ቀን 2024ቱ ጭማሪ በኋላ ለአንድ አዋቂ 1,525 ዶላር ሆኖ ነበር፤ በየሁለት ዓመቱ ኤፕሪል ላይ ይከለሳል። በካናዲያን ኤክስፒርየንስ ለሚያመለክት የባንክ ሂሳብ ማስረጃ አይጠየቅም። ገጹ ግን ፋይል ካልጫኑ አያሳልፍዎትም፤ የተጋበዙት በዚህ መንገድ ስለሆነ እንደማይመለከትዎት የሚገልጽ ደብዳቤ እዚያ ቦታ ላይ ይጫኑ።

ቤተሰብዎን በሙሉ ያስመዝግቡ። አብረው የማይመጡም ቢሆኑ። የትዳር ጓደኛ፣ ከ22 ዓመት በታች ያለ ያላገባ ልጅ፣ ከትዳር ውጭ የተወለደ፣ ከአያቱ ጋር የሚያድግ፣ ለማንም ያልተነገረለት ልጅ ጭምር። ያልተመዘገበና የጤና ምርመራ ያላደረገ የቤተሰብ አባል በኋላ በቤተሰብ ስፖንሰር እንዳይመጣ ደንቡ ይከለክላል። «ነገሩን እንዳያወሳስብብኝ» ብለው ልጃቸውን የደበቁ ወላጆች ለዓመታት ሲያለቅሱ ይኖራሉ። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ቢያገቡ ወይም ልጅ ቢወለድ ደግሞ ፒአሩ እጅዎ ከመግባቱ በፊት ማሳወቅ ግዴታዎ ነው። ቀለበት ማሰር ጋብቻ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ወይም በኒካህ የተፈጸመና በአገሩ ሕግ የሚጸና ጋብቻ ግን ጋብቻ ነው፤ 12 ወር አብረው በአንድ ቤት እንደ ባልና ሚስት ከኖሩም እንደ ቤተሰብ ይቆጠራል።

የሚረዳዎት ሰው ካስፈለገ ፈቃድ ያለው ይሁን፦ ጠበቃ፣ ወይም በኢሚግሬሽንና ዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ የተመዘገበ አማካሪ። ስሙን በኮሌጁ መዝገብ ላይ በነጻ መፈለግ ይቻላል። የይለፍ ቃልዎን ለማንም አይስጡ፤ የሚያስገባልዎት ሰው የጻፈውን ቃል በቃል ካላነበቡ እንዲልከው አይፍቀዱ። ለሐሰቱ የሚጠየቀው ፈራሚው ነው።

ደረጃ 7፦ መልስ እስኪመጣ ፈቃድዎ እንዳይቋረጥ

ማመልከቻው ከገባና መረከባቸውን የሚገልጸው ደብዳቤ ከደረሰዎት በኋላ፣ የሥራ ፈቃድዎ ሊያልቅ ከሆነ የመሸጋገሪያ ክፍት (ከአንድ አሠሪ ጋር ያልታሰረ) የሥራ ፈቃድ ይጠይቁ። ቀድሞ የነበረው ሳያልቅ ካመለከቱ ውሳኔው እስኪመጣ በነበረው ሁኔታ መሥራትዎን ይቀጥላሉ። አንድ ቀን ካለፈ ግን ሥራ ማቆም አለብዎት፤ ሁኔታዎን ለማስመለስ ያለዎት ጊዜ 90 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተሠራ ሥራ ሕገወጥ ነው።

በካናዲያን ኤክስፒርየንስ ካመለከቱ በኋላ ሥራ ቢለቁ ማመልከቻው አይወድቅም፤ የሚመዘነው ያለፈው ልምድ ነውና። በአሠሪ ላይ በተመሠረቱት፣ እንደ አትላንቲኩ ባሉት፣ ግን ሥራው ከጠፋ ድጋፉም ይጠፋል። ከመልቀቅዎ በፊት አውራጃውን ያነጋግሩ።

ደረጃ 8፦ ፒአሩ ሲገባ

ማረጋገጫው በኢንተርኔት ይመጣል፤ ካርዱ በፖስታ ይደርሳል። ካርዱ እስኪደርስ አገር ለቆ መውጣት መመለሱን ያከብዳል፤ ጉዞዎን ያዘግዩ። ከዚያ በኋላ በየ5 ዓመቱ ውስጥ 730 ቀን ካናዳ መገኘት ይጠበቅብዎታል። ለዜግነት ደግሞ በ5 ዓመት ውስጥ 1,095 ቀን ያስፈልጋል፤ በተማሪነትና በሥራ ፈቃድ የኖሩት እያንዳንዱ ቀን እንደ ግማሽ ቀን ይቆጠራል፤ የሚያሰጠውም እስከ 365 ቀን ነው። ስለዚህ ከገቡበት ቀን ጀምሮ የወጡበትንና የተመለሱበትን ቀን በአንድ ደብተር ይመዝግቡ፤ የድሮ ፓስፖርትዎንም አይጣሉ።